ያራገፍነው ድምፅ ፓስወርድ ሲጠብቅ

ላፕቶፑ ጠፍቶ ተከፈተ። የመግቢያው ገጽ ሲመጣ ኤንቪዲኤ፣ ለኛ ለዓይነ ስውራን ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብልን ፕሮግራም (ስክሪን ሪደር)፣ «ፓስወርድ» አለ። ያለው ግን ከግማሽ ሰዓት በፊት ባራገፍነው ድምፅ ነበር። ልጅቷ ሳቅ አለችና «ጋሼ፣ ይኼ ነገር አልሄደም እንዴ?» አለችኝ። ድምፁ አድ-ኦን ነው፣ ኤንቪዲኤ ላይ የሚጨመር ነገር፤ ከአድ-ኦን ስቶሩ ዝርዝር አስወግደነዋል። ኤንቪዲኤን ዘግተን ከፍተናል። ዴስክቶፑ ላይ ያ የድሮው፣ ብረት ብረት የሚለው የኤንቪዲኤ ድምፅ፣ ኢስፒክ፣ ሲያነብ በጆሯችን ሰምተናል። ታዲያ ፓስወርድ የሚጻፍበት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀን ማን ነው?

ይህ የሆነው ባሕር ዳር ነው። ድምፁ የመጣው ከደብረ ማርቆስ፣ በጓደኛ ፍላሽ፣ «ደስ የሚል ነው፣ ሞክሪው» ተብሎ። እኛ ዘንድ አድ-ኦን ከስቶር ይልቅ በፍላሽና በቴሌግራም እንደሚዞር ታውቃላችሁ። ዳታ ገንዘብ ነው፤ ወረድ ሲሉ ደግሞ ኔትወርኩ እንደ ቀኑ ነው። የኢስፒክን አማርኛ ቀኑን ሙሉ የሰማ ሰው የተሻለ ድምፅ ቢያምረው አይፈረድበትም። ፍላሹን የሰጣት ልጅም ክፉ አላሰበም፤ እሱም ከሌላ ሰው ነው ያገኘው፣ ያም ከሌላ። ያቺ «ፓስወርድ» የምትለው ቃል ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከጆሮዬ አልወጣችም።

## ምላስ ላይ የተቀመጠ እንግዳ

አድ-ኦን ሲፈታ ዚፕ ፋይል ነው። ስሙ «ዶት ኤንቪዲኤ-አድኦን» ብሎ ስለሚያልቅ ብቻ ሌላ ነገር ይመስላል። ውስጡ ማኒፌስት የሚባል አጭር የጽሑፍ ፋይል አለ፤ ከሱ ጋር እንደየሥራው ግሎባል ፕለጊንስ፣ አፕ ሞጁልስ ወይም ሲንዝ ድራይቨርስ የተባሉ ፎልደሮች ይኖራሉ። የመጀመሪያው የትም ፕሮግራም ውስጥ ብትሆኑ ይሠራል፣ ሁለተኛው የተጻፈለት ፕሮግራም ሲከፈት ይነሣል፣ ሦስተኛው ድምፅ ያመጣል። ኮዱ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ኤንቪዲኤም በአብዛኛው በፓይተን ነው የተጻፈው። ስክሪን ሪደሩ ሲነሣ እነዚህን ወስዶ የራሱ አካል ያደርጋቸዋል። በመካከል አጥር የለም። የስልክ መተግበሪያ ስትጭኑ «ካሜራ ልይ? ማይክ ልስማ?» እያለ ይጠይቃችኋል። እዚህ የፈቃድ ዝርዝር የሚባል ነገር የለም፤ ኤንቪዲኤ የሚችለውን ሁሉ አድ-ኦኑም ይችላል።

ኤንቪዲኤ የሚችለው ደግሞ ብዙ ነው። የራሱን ትእዛዞች ለመያዝ እያንዳንዱን የተነካ ቁልፍ ከፕሮግራሞቹ ቀድሞ ያገኛል። ፓስወርድ ስንጽፍ «ስታር፣ ስታር» የሚለው ለጆሯችን ነው። «ስታር» ከመባሉ በፊት ፊደሉ ራሱ፣ ኤ ከሆነ ኤ፣ በኤንቪዲኤ እጅ አልፏል። ማረጋገጥ የፈለገ የሎጉን፣ ማለትም ኤንቪዲኤ ሥራውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ደረጃ «ኢንፑት/አውትፑት» ላይ አድርጎ ጥቂት ይተይብና የኤንቪዲኤን ቁልፍ (ኢንሰርትን) ከኤፍ1 ጋር ተጭኖ ሎጉን ይክፈት፤ የነካው ቁልፍ ሁሉ በተራ ተጽፎ ያገኘዋል። ለዚህም ነው የኤንቪዲኤ መመሪያ ለግላዊነቱ የሚሰጋ ሰው ይህን ደረጃ እንዳይመርጥ የሚያሳስበው። (በነገራችን ላይ «ይኼ ኤረር ምንድን ነው?» ብላችሁ ሎጋችሁን ግሩፕ ላይ የምትለጥፉ፣ ደረጃው የት እንዳለ መጀመሪያ እዩ። ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ኤንቪዲኤ-ኦልድ በሚል ስም ያለፈው ጊዜ ሎግም ይቀመጣል።) ሎጉ የሚያየውን አድ-ኦን ያያል። ያየውን ፋይል ውስጥ መጻፍ ወይም በኢንተርኔት መላክ ለፓይተን የጥቂት መስመር ሥራ ነው።

ይህ አንዱ ወገን ብቻ ነው። የሚነበብልን ጽሑፍ ወደ ድምፅ ከመለወጡ በፊት አድ-ኦን ገብቶ ሊያስተካክለው የሚችልበት በር ኤንቪዲኤ ውስጥ አለ። በሩ የተከፈተው ለበጎ ነው፤ ስህተት የሚነበቡ ቃላት ይታረሙበታል፣ የተደጋገመ ነገር ይቀነስበታል። ግን በዚያው በር አንድ ማስጠንቀቂያ ተውጦ ሊቀር፣ አንድ ቁጥር ተለውጦ ሊነበብ ይችላል። የሚያይ ሰው ኮምፒውተሩ ውስጥ ክፉ ነገር ቢገባ ዓይኑ አሁንም የራሱ ነው። በኛ ዘንድ ግን እንግዳው የሚቀመጠው ምላሱ ላይ ነው፤ የምንጽፈውን ይሰማል፣ የምንሰማውን ይመርጣል።

አድ-ኦን ስቶር ከ2023.2 እትም ጀምሮ ኤንቪዲኤ ውስጥ ገብቷል። ስትከፍቱት የሚቀበላችሁ ማስጠንቀቂያ ይህንኑ ይናገራል፦ አድ-ኦኖቹን የሚሠራው ማኅበረሰቡ ነው፣ የኤንቪዲኤ ባለቤት ኤንቪ አክሰስ አልመረመራቸውም፣ ሥራቸው ገደብ የለውም፣ የግል መረጃን እስከ መላው ሲስተም ድረስ ሊደርሱበት ይችላሉ። ከዚህ በላይ እንዴት ይነገር? ሆኖም ስንቶቻችን እስከ መጨረሻው ሰማነው? ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እኛ ቁርበቱን ሳንጠየቅ ነው የምናነጥፈው።

## ሁለተኛው ቃል ላይ

ወደ ልጅቷ ልመለስ፤ ነገሩ የዞረው እዚህ ላይ ነውና።

አዲሱን ድምፅ የጫነች ቀን ምን እንዳደረገች ጠየቅኋት። «መግቢያው ላይም እሱ እንዲያነብልኝ ብዬ ያቺን በተን ተጫንኳት» አለች። ኤንቪዲኤ ሴቲንግ ውስጥ፣ ጀነራል ላይ፣ የአሁኑን ሴቲንግ በመግቢያ ገጽና በጥብቅ ስክሪኖች ላይ ተጠቀም የምትል በተን አለች። ስትጫኗት ሴቲንጋችሁ በሙሉ፣ አድ-ኦኖቹ ጭምር፣ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ወዳለው የኤንቪዲኤ ፎልደር ይገለበጣል፤ የሚያርፍበት ሲስተም ኮንፊግ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ዊንዶውስ ፓስወርድ ሲጠይቅ ወይም «ይህ ፕሮግራም ለውጥ እንዲያደርግ ትፈቅዳለህ?» ሲል የሚያነብላችሁ ኤንቪዲኤ ከዚያ ቅጂ ይነሣል። የሚሠራውም በእናንተ ስም አይደለም፤ በሲስተም ሥልጣን ነው። ከአድሚኑ በላይ ያለ ሥልጣን ማለት ነው።

ኤንቪዲኤ ሳይናገር አላሳለፋትም። አድ-ኦኖች መገኘታቸውን፣ እነሱን መገልበጥ የደኅንነት አደጋ ሊሆን እንደሚችል ነግሮ እንደምትቀጥል ጠይቋታል። ደግመሽ አሳዪኝ አልኳት። ንባቡ እንደ ሁላችንም በጣም ፈጣን ነው፤ ለሌላ ሰው ቃል አይለይበትም። መልእክቱ «አድ-ኦንስ ወር...» ብሎ ሳይጨርስ ጣቷ ኦልትን ከዋይ ጋር ተጭኗል። እንዳልሰማችው ራሷም አላወቀችም። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው» አለች።

እኔ ራሴስ? ስክሪን ሪደር ስንለምድ የተማርነው ዋናው ጥበብ ማቋረጥ ነው። ገጹን ሁሉ የሰማ ሰው ሥራ አይሠራም። ሊንክ በሁለት ፊደል፣ በተን በአንድ ቃል ለይቶ ማለፍ ጉብዝና ነው፤ አዲስ ተማሪን የምናሠለጥነውም ይህንኑ ነው። ዓይን ያለው ሰው ቢጫ ምልክት ያለበት ሳጥን ሲመጣበት ባያነበው እንኳ ያየዋል። የኛ ማስጠንቀቂያ ግን ከሌላው ወሬ ጋር በአንድ ቀለም፣ በአንድ ፍጥነት፣ ከፊት ወደ ኋላ ይመጣል፤ ዋናው ቃል ያለው ደግሞ ሁልጊዜ ከኋላ ነው። «አደጋ» የሚለው ሳይደርስ እኛ ሄደናል። ይህን «ተጠንቀቁ» በሚል ምክር ማዳን የሚቻል አይመስለኝም። አንድ ልማድ ግን ይሠራል፦ «ዲያሎግ» የሚል ቃል ከሰማችሁና የጫናችሁት ነገር ካለ፣ ኤንቪዲኤን ከቢ ጋር ተጫኑ፤ መስኮቱን ከላይ እስከ ታች እንደገና ያነበዋል። አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

## ምስክሩ ተጠርጣሪ ሲሆን

ከዚያ ቀን በኋላ ያብሰለሰለኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ ስክሪን ሪደሬን ስመረምር በምን ላንብብ? የአድ-ኦኑን ፎልደር ስከፍት የሚያነብልኝ የሚጠረጠረው ራሱ ነው። ሌባውን ጠርቶ «ሰው ገብቷል ወይ?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። መውጫዎቹ ሦስት ናቸው፣ እኩል ግን አይደሉም።

ከሁሉ የሚሻለው ጭነት ሳይደረግ መመርመር ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው። ያኔ የሚያነብልን ገና ንጹሕ ነው።

ተጭኖ ከሆነ ኤንቪዲኤን ከኪው ጋር ተጭናችሁ፣ ከሚመጣው ዝርዝር አድ-ኦኖችን አጥፍቶ እንደገና እንዲነሣ የሚለውን ምረጡ። ለዚያ ጊዜ ብቻ አንዱም አድ-ኦን አይነሣም። ለብዙ ችግር ይህ ይበቃል። ሆኖም ክፉ ኮድ ቀድሞ የኤንቪዲኤን ሴቲንግ ወይም ሌላ የኮምፒውተሩን ቦታ ነክቶ ከሆነ በዚህ አይታይም።

ሦስተኛው ሁለተኛ ምስክር ነው። ዊንዶውስ ናሬተር የሚባል የራሱ ስክሪን ሪደር አለው፤ ኮንትሮል፣ ዊንዶውስና ኢንተር በአንድ ላይ ሲጫኑ ይነሣል። ኤንቪዲኤን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ በናሬተር ፎልደሩን አንብቡ። ብዙዎቻችን ናሬተርን እንንቀዋለን፤ እኔም የሱ አድናቂ አይደለሁም። ግን እንዲህ ላለው ቀን ፋይል ከፍቶ በመስመር ማንበብን በናሬተር መልመድ ያስፈልጋል፤ ጭንቅ ላይ ሆኖ አዲስ ቁልፍ መማር አይሆንም።

አንድ ስህተት ላርም። «ፖርታብል ኤንቪዲኤ (ሳይጫን ከፎልደር ወይም ከፍላሽ የሚነሣው) ላይ ብሞክረው ምንም አይሆንም» የሚሉ አሉ። ፖርታብሉ የሚለየው ሴቲንጋችሁን ነው፤ ኮምፒውተራችሁን አይደለም። እዚያ ላይ የተነሣ አድ-ኦንም የናንተን ዶክመንት ፎልደር ያነብባል፣ ኢንተርኔት ይወጣል። ድምፁ ይመች እንደሆነ ለመስማት ይጠቅማል፣ ለደኅንነት ፈተና አይሆንም።

## ጥቅሉን መፍታት

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ከስቶሩ ያወረዳችሁት ፋይል መንገድ ላይ እንዳልተለወጠ ኤንቪዲኤ ራሱ ያመሳክራል፤ ለእያንዳንዱ አድ-ኦን ሻ-256 የተባለ 64 ምልክት ያለው አሻራ ተመዝግቧል፣ ካልገጠመ አይጭነውም። በፍላሽ የመጣ ፋይል ይህ የለውም። ዳታ የሌለውን ሰው መርዳት የፈለገ ፋይሉን በፍላሽ ይላክ፣ አሻራውን ግን በሌላ መንገድ፣ በመልእክት ይላክ። ተቀባዩ ፓወርሼል የሚባለውን የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ ጌት-ፋይልሃሽ በሚለው ትእዛዝ አሻራውን ያወጣል። 64 ምልክት በጆሮ ማመሳከር ቅጣት ስለሆነ፣ የተላከለትን እዚያው ለጥፎ በእኩል ምልክቱ፣ ማለትም በሰረዝ-ኢኪው፣ ያወዳድር፤ «ትሩ» ወይም «ፎልስ» የሚል አንድ ቃል ይመለስለታል። አሻራ መግጠሙ ፋይሉ ያው መሆኑን እንጂ ጥሩ መሆኑን አይናገርም፣ ይህ አይምታታ።

ከዚያ ፋይሉን ኮፒ አድርጋችሁ የኮፒውን ማለቂያ «ዚፕ» በሚል ለውጡት። ማለቂያው ካልታያችሁ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ቪው ውስጥ የፋይል ኤክስቴንሽን አሳይ የሚለውን ምልክት አድርጉ። ፍቱትና ማኒፌስቱን በኖትፓድ ክፈቱ። ስም፣ ማጠቃለያ፣ ደራሲ፣ ድረ ገጽ፣ እትም፣ ዝቅተኛው የኤንቪዲኤ እትምና መጨረሻ የተሞከረበት እትም በየመስመሩ አሉ። የጎጃም ሰው ለዚህ ቃል አያጣም፤ ማኒፌስቱ ሰሙ ነው፣ ወርቁ ፓይተኑ ውስጥ ነው። ማኒፌስት ላይ ማንም የፈለገውን ስም ይጽፋል።

መጨረሻ የተሞከረበት እትም የሚለው መስመር ግን ታሪክ ይናገራል። ኤንቪዲኤ በየዓመቱ መጀመሪያ እትሙ፣ ለምሳሌ 2024.1 ወይም 2025.1 ላይ፣ የቆዩ አድ-ኦኖችን ይዘጋል። ያን ጊዜ አንድ ቸር ሰው ማኒፌስቱን ከፍቶ ቁጥሩን ከፍ ያደርግና «አዲሱ ላይ ይሠራል» ብሎ ያሰራጨዋል። አብዛኛው ጊዜ ጥፋት የለውም። ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፋይሉ ከደራሲው እጅ ወጥቷል፤ አሻራው ከየትም አይገጥምም፣ ከቁጥሩ ሌላ ምን እንደተነካ የሚያውቅ የለም። ስቶሩ ራሱ ያልተሞከረን አድ-ኦን በኃላፊነት አስነሣ የሚል ምርጫ ሰጥቷል፤ ማኒፌስት መጎርጎር የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም።

ቀጥሎ ኢንስቶልታስክስ የሚባል ፋይል ካለ እሱን አንብቡ። ሲጫንና ሲራገፍ በራሱ የሚሠራ ኮድ ያለው እዚያ ነው። ሊያራግፉት ሲሉ የሚሠራም አለ ማለት ነው፣ ልብ በሉ። ሌሎቹን የፓይተን ፋይሎች በኮንትሮል ኤፍ ፈልጓቸው፦ ሰብፕሮሰስ፣ ሶኬት፣ ዩአርኤልሊብ፣ ቤዝ64፣ ኤግዜክ፣ ዊንሬጅ የሚሉ ቃላትን። እነዚህ ሌላ ፕሮግራም የሚያስነሡ፣ ኢንተርኔት የሚወጡ፣ ኮድ የሚደብቁ ወይም የዊንዶውስን ሴቲንግ የሚነኩ ናቸው፤ መገኘታቸው ግን ወንጀል አይደለም። ምስል በኢንተርኔት የሚያስተረጉም አድ-ኦን ዩአርኤልሊብ ቢኖረው ሥራው ነው፤ ድምፅ ይዞ የመጣ ነገር ዲኤልኤል (የዊንዶውስ የፕሮግራም ፋይል) ቢኖረው ያለዚያ አይናገርም። መጠየቅ ያለበት ከሥራው ጋር ይሄዳል ወይ ነው። ሰዓት ብቻ የሚናገር አድ-ኦን ኢንተርኔት ምን ይሠራለታል? ረጅም ትርጉም የለሽ የፊደል ድርድር፣ ወይም ሰው የሚያነበው ምንጩ ሳይኖር ለማሽን የተጠናቀረ ፋይል ብቻ ካገኛችሁ፣ ፓይተን የሚያውቅ ሰው ሳያየው አትጫኑት።

በልጅቷ ጥቅል ውስጥ ያገኘነው ይህን ነበር። ደራሲ በሚለው ቦታ ቅጽል ስም፣ ድረ ገጹ ባዶ፣ የእትም ቁጥሩ በእጅ የተለወጠ፣ አንድ ዲኤልኤልና ምንጭ የሌለው አንድ የተጠናቀረ ፋይል። የሚሸጥ ድምፅ ተሰብሮ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም። ክፉ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ንጹሕ ነው ብሎ የሚምል ግን ከየት ይምጣ? የተሰበረ ድምፅ ሁሉ እንዲህ ነው። የሰበረው ሰው ስሙን አይጽፍም፤ ስሙን የማይጽፍ ሰው የጨመረውን ሌላ ነገር የሚጠይቀው የለም።

## ሥሩ የቀረው

እንግዲህ ድምፁ መግቢያው ላይ የቀረበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከስቶር ማራገፍ የሚያጠፋው በተጠቃሚው ፎልደር፣ በአፕዳታ ውስጥ ያለውን ነው። ሲስተም ኮንፊግ ውስጥ የተገለበጠውን ማንም አልነካውም። ቅርንጫፉን ቆርጠን ሥሩን ትተናል፤ የቀረውም ትልቁን ሥልጣን የያዘው ነው። ድምፅ ስለሆነ ራሱን አጋለጠ። ድምፅ የሌለው ግሎባል ፕለጊን ቢሆን ኖሮ በዚያ በር ስንት ወር ቆሞ ይጠብቅ ነበር?

ጥርጣሬ ካለ መድኃኒቱ ከማራገፍ ይሰፋል። አፕዳታ ውስጥ ኤንቪዲኤ ስር ያለውን አድ-ኦንስ ፎልደር በናሬተር እዩ፤ ያልጫናችሁት ስም ካለ ጥያቄ ነው። ዊንዶውስ ሲከፈት ወይም በቀጠሮ የሚነሡት የሚቀመጡበትን ስታርትአፕ ፎልደርና ታስክ ስኬጁለር እዩ፤ ኤንቪዲኤ ቢራገፍም እዚያ የተተከለ ነገር ይቀራል። ፓስወርድ ከሌላ መሣሪያ፣ ከስልክ፣ ለውጡ፤ በተጠረጠረው ላፕቶፕ አዲስ ፓስወርድ መጻፍ አዲሱንም መስጠት ነው። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ፣ ዲቫይስስ ገብታችሁ ሌሎቹን በሙሉ አስወጡ።

ብዙ ሰው በአንድ ኮምፒውተር የሚጠቀምባቸው ክፍሎች የባሱ ናቸው፤ አንዱ የጫነውን ሁሉም ይለብሳል። ለተጠቃሚዎች አድሚን ያልሆነ አካውንት መስጠት ሲስተም ኮንፊግን ይዘጋል። ኤንቪዲኤን በሴኪዩር ሞድ ማስነሣት ደግሞ አድ-ኦን መጫንንና የፓይተን ኮንሶልን ይከለክላል። ሴቲንግ ማስቀመጥንም ስለሚከለክል ተማሪ ፍጥነት ባስተካከለ ቁጥር በማግስቱ ይጠፋበታል፤ ቅሬታው ይመጣል፣ ይቻላል።

ሪሞትም አለ፣ ከሩቅ ሆኖ የሌላውን ኮምፒውተር መቆጣጠሪያው። ከ2025.1 ጀምሮ አድ-ኦን ሳያስፈልገው ኤንቪዲኤ ውስጥ ገብቷል፤ ፍኖተ ሰላም ያለን ሰው ባሕር ዳር ሆኖ ለመርዳት እንደሱ የለም። የግንኙነቱን የምስጢር ቁልፍ የያዘ ሰው ግን ኪቦርዱን ይዟል። አንዴ የተሰጠ ቁልፍ ለዓመት አይቀመጥም፤ በየጊዜው አዲስ አውጡ፣ ሲያበቃ አላቅቁ።

የልጅቷን ላፕቶፕ የጨረስነው እንዲህ ነው። አድ-ኦኑ ከተጠቃሚው ፎልደር መውጣቱን በናሬተር አየን። ኤንቪዲኤን በንጹሕ ሴቲንግ አስነሣን፣ ጀነራል ገብተን ያችኑ በተን ደግመን ተጫንን፤ አዲሱ ቅጂ የድሮውን ይተካል። ዊንዶውስ ፈቃድ ሲጠይቅ ያ ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ አነበበልን። ልጅቷ እጇን ከኪቦርዱ አንሥታ እስከ መጨረሻው ሰማችው፣ ከዚያ ዬስ አለች። አጥፍተን ከፈትን። መግቢያው መጣና ኢስፒክ በዚያ ብረት ድምፁ «ፓስወርድ» አለ።

«ኤዲያ፣ አስቀያሚነቱ!» አለችና መተየብ ጀመረች።